ፍራንክ ቦርዜጊን ከየትኛው ፊልም መጀመር? የቅጂዎቹስ ርዝመት ለምን ይለያያል?

ፀጥታ_ወዳዷ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የፊልም ክበብ የስድስት ሳምንት ፕሮግራም እያወጣሁ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ፊልም፣ ሁሉም የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የፍራንክ ቦርዜጊ። አብዛኛው አባል ድምፅ አልባ ፊልም እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አይቶ አያውቅም። የተቸገርኩበትን ልዘርዝር።

ሰውየው ከ1915 እስከ 1959 አዘጋጅቷል፤ ከዚያ ሁሉ መሃል ስድስት ብቻ እንዴት ይመረጣል? ደግሞ አንዱ ፊልም በየቦታው የተለያየ ርዝመት አለው። «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» እዚህ 78 ደቂቃ፣ እዚያ 89 ነው። «ማንስ ካስል»ም እንደዚያው። የቱ ነው ትክክለኛው? ሦስተኛ፣ «ቦርዜጊ ማለት ለስለስ ያለ ሙርናው (ጀርመናዊው ዳይሬክተር) ነው፣ ከእሱ ነው የቀዳው» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ያጋጥመኛል፤ እውነት አለው? መጨረሻ፣ የመጀመሪያውን የዳይሬክተር ኦስካር የወሰደ ሰው ስሙ እንዴት እንዲህ ደበዘዘ?

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጻፉልኝ፤ ሁሉም መዝገብ በዚያ ስለሆነ እንዳልምታታ።


አሮጌ_ጥቅል፦

መጀመሪያ ስሙ። ክበቡ ፊት «ቦርዜጅ» ካልሽ የሚያርምሽ አይጠፋም፤ አጠራሩ ቦር-ዜ-ጊ ነው። አባቱ ሉዊጂ ቦርዛጋ ድንጋይ ጠራቢ ግንበኛ ነበር፤ የመጣውም ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ከነበረው ከትሬንቲኖ ነው። እናቱ የስዊዘርላንድ ሰው ናት። ፍራንክ በ1894 ዩታ ውስጥ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ተወለደ። ሆሊዉድ የገባው በተዋናይነት ነው፤ ለፕሮዲዩሰሩ ለቶማስ ኢንስ ሠርቷል፣ ከ1915 ጀምሮ ደግሞ ራሱ እየተወነ ራሱ ያዘጋጅ ነበር። ይህን ያዢው፤ ተዋናዮቹን ለምን እንደዚያ እንደሚይዛቸው የሚገባሽ ከዚህ ነው።

ስሙን ያወጣው በ1920 የተሠራው «ሂዩሞሬስክ» ነው። ፎቶፕሌይ የተባለው መጽሔት በአንባቢዎቹ ድምፅ ለዓመቱ ምርጥ ፊልም መስጠት የጀመረውን ሜዳሊያ መጀመሪያ የወሰደው ይኸው ፊልም ነበር። በ1925 ፎክስ ስቱዲዮ ገባ፤ ዋናው ዘመኑም ከዚያ እስከ 1932 ያለው ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ብዙ ሰው ጀማሪ ተመልካች ይሰለቻል ብሎ ከድምፅ ፊልም ያስጀምራል። እኔ አልስማማም። የመጀመሪያው ሳምንት «ሰቨንዝ ሄቨን» (1927) መሆን አለበት፤ «ሰባተኛው ሰማይ» ማለት ነው። ፓሪስ ውስጥ ከመሬት በታች የፍሳሽ ቦይ የሚጠርገው ቺኮ፣ እህቷ በአለንጋ የምትገርፋትን ዲያንን ከፖሊስ ለማስጣል «ሚስቴ ናት» ብሎ ይዋሻል፤ ውሸቱ እንዳይጋለጥ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ጎጆው ይወስዳታል። ታሪኩ ቀላል ስለሆነ የጽሑፍ ካርድ (በምስሎቹ መሃል ንግግሩ ተጽፎ የሚታይበትን) ማንበብ ያልለመደ ሰው እንኳ አይጠፋበትም። ፊልሙ ሦስት ኦስካር ወስዷል፦ ቦርዜጊ በድራማ ዳይሬክተርነት፣ ጃኔት ጌይነር በተዋናይነት (ለእሷ «ስትሪት ኤንጅል» እና የሙርናው «ሰንራይዝ»ም አብረው ተቆጥረዋል)፣ ቤንጃሚን ግሌዘር ደግሞ ከመድረክ ተውኔት ወደ ፊልም በመመለስ። ሽልማቱ የተሰጠው ግንቦት 16 ቀን 1929 ሩዝቬልት ሆቴል ነው። የዚያ ዓመት የዳይሬክተር ሽልማት ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ የኮሜዲውን ሉዊስ ማይልስቶን ወሰደ። ስለዚህ «የመጀመሪያው የዳይሬክተር ኦስካር» ስትዪ «በድራማ» ጨምሪበት።

ሁለተኛው ሳምንት «ላኪ ስታር» (1929)። «ስትሪት ኤንጅል» ለምን አልሆነም የሚል ይመጣል። በቀረጻ ውበት ምናልባት «ስትሪት ኤንጅል» ይበልጣል፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተገነባው የኔፕልስ ሰፈርና የመጨረሻው የጉም ትዕይንት ዛሬም ያስደንቃል። ነገር ግን ከ«ሰቨንዝ ሄቨን» ቀጥሎ ሲታይ ተመሳሳይ ይመስላል። «ላኪ ስታር» ግን ወደ ገጠር ይወጣል፦ ከጦርነት እግሩ ሽባ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር የተመለሰ ሰውና ጭቃ የጠገበች የእርሻ ልጅ። ፀጉሯን በእንቁላል የሚያጥብበት ትዕይንት አለ፤ ቦርዜጊ ማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እሱን ብቻ ማሳየት ይበቃል።

ሦስተኛ «ባድ ገርል» (1931)፣ ሁለተኛውን ኦስካሩን ያስገኘለት። ርዕሱ አያታልልሽ፤ መጥፎ ልጅ የለችበትም። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው «እሱ ልጅ አይፈልግም»፣ «እሷ ልጅ አትፈልግም» ብለው በየፊናቸው ሲጨነቁ ያልፋል። አራተኛ «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» (1932)። አምስተኛ «ሂስትሪ ኢዝ ሜድ አት ናይት» (1937)፤ ሻርል ቧየር የምግብ ቤት ዋና አስተናጋጅ፣ ጂን አርተር ከቀናተኛ ባሏ የምትሸሽ ሴት። በኮሜዲ ይጀምርና የበረዶ ግግር ከገጨች መርከብ ላይ ይጨርሳል፤ በወረቀት ላይ ሲነበብ የማይሆን ነገር ነው፣ ሲታይ ግን ይሆናል። ስድስተኛ «ዘ ሞርታል ስቶርም» (1940)።

የኦስካሩን መደብዘዝ በኋላ እመለስበታለሁ። የቅጂዎቹን ጉዳይ ከኔ ይልቅ ከመጋረጃ_ጀርባ ያውቀዋል።


ከመጋረጃ_ጀርባ፦

እሺ፣ ተጠራሁ።

የርዝመቱ ልዩነት ዋና ምክንያት ሳንሱር ነው። የሆሊዉድ የሥነ ምግባር ደንብ በ1930 ወጣ፤ ጥርስ ያወጣው ግን በ1934 አጋማሽ፣ በጆሴፍ ብሪን የሚመራው ቢሮ ማኅተም ያልመታበት ፊልም በትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች እንዳይታይ ሲደረግ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ፊልም እንደገና ለገበያ ሲወጣም ማኅተሙ ያስፈልገዋል። ስቱዲዮዎቹ ታዲያ ለማኅተሙ ሲሉ መቀስ አነሱ። ክፋቱ፣ ብዙ ጊዜ የቆረጡት ቅጂዎቹ ሁሉ የሚታተሙበትን ዋናውን ኔጋቲቭ ነው እንጂ አንዱን ቅጂ አይደለም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚታተመው ሁሉ ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል።

«ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» ላይ የደረሰው ይህ ነው። 89 ደቂቃው ሙሉው፣ 78 ደቂቃው የተቆረጠው። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብቱ ስላበቃ ማንም እያባዛ ይሸጠዋል፤ በየቦታው የሚገኘውም አብዛኛው የቅጂ ቅጂ የሆነው አጭሩ ነው። ፊታቸው እንደ ኖራ የነጣ፣ ጥላው እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ ድምፁ የሚያፏጭ ከሆነ ተዪው። ይህ ፊልም በካሜራ (ቻርልስ ላንግ) እና በድምፅ ኦስካር የወሰደ ነው፤ በዚያ ቅጂ ሁለቱም አይታዩም።

«ማንስ ካስል» (1933) ደግሞ ከመቆረጥም አልፏል። ለ1938ቱ ዳግም ስርጭት ሲዘጋጅ ወደ 66 ደቂቃ ዝቅ አለ፤ በተጨማሪም የሠርጉ ትዕይንት ከቦታው ተነሥቶ ወደ ፊት ተሳበ። በመጀመሪያው ፊልም ስፔንሰር ትሬሲና ሎሬታ ያንግ ሳይጋቡ አብረው ይኖራሉ፣ የሚጋቡት በኋላ ነው። በተቆረጠው ግን ቶሎ ይጋባሉ። ይህ የደቂቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ወንዱ ሊሸሽ እያለ የሚኖርበት ውጥረት ሁሉ ይተናል፣ የሴቲቱ ትዕግሥትም ትርጉሙ ይለወጣል። ከ75 ደቂቃ በላይ የሆነውን የታደሰ ቅጂ ፈልጊ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። አጭር ያየሽው ሁሉ የተቆረጠ አይደለም። በአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርዓት የተዘጋጀ ዲቪዲ ፊልሙን በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሳይሆን በ25 ነው የሚያስሮጠው፤ ስለዚህ 4 በመቶ ያህል ያጥራል። 89 ደቂቃው ወደ 85 ተኩል ይወርዳል፣ 78ቱ ወደ 75። ስለዚህ «85 ደቂቃ» የሚል ካየሽ ሙሉው ሊሆን ይችላል፣ «75» ካየሽ የተቆረጠው ነው።

ድምፅ አልባዎቹ ላይ ደግሞ የፍጥነት ጉዳይ ይመጣል። በ35 ሚሊሜትር ፊልም አንድ ጫማ ርዝመት ላይ 16 ፍሬም አለ። 1,000 ጫማ የሆነ ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም ቢሄድ 11 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይፈጃል፤ በ20 ቢሄድ 13 ደቂቃ ከ20፤ በ18 ደግሞ 14 ደቂቃ ከ49። በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ጥቅል ሲባዛ ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ በድምፅ አልባ ፊልም ደቂቃ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አካሄድ እዪ፦ የሰው እርምጃ፣ ከማሰሮ የሚፈስ ውሃ፣ የሲጋራ ጭስ። ጭሱ ከሮጠ ፍጥነቱ በዝቷል። «ሰቨንዝ ሄቨን» ከወጣ በኋላ፣ በዚያው በ1927፣ ሙቪቶን በተባለው ዘዴ ሙዚቃና የድባብ ድምፅ ተጨምሮበታል፤ የድምፅ መስመር ያለው ቅጂ ሁልጊዜ በ24 ነው የሚሄደው፣ እዚያ ላይ መነካካት የለም።

ሙቪቶን ሌላም ጣጣ ያመጣል። የድምፅ መስመሩ በፍሬሙ ግራ ጠርዝ ላይ ቦታ ስለሚወስድ ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ይጠጋል፦ ስፋቱ ለቁመቱ ከ1.33 ወደ 1.19 ገደማ ይወርዳል። መሃል ላይ የቆመ ሰው ወደ ግራ ያጋደለ ከመሰለሽ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ካሜራማኑ አልተሳሳተም። ይህን ምስል በስፋት ለመሙላት ከላይና ከታች የቆረጠ ቅጂ ካጋጠመሽ ግን ፀጉርና አገጭ ይጠፋል፤ እሱን አትውሰጂ።

የምታሳዪበትን ስክሪን ቀድመሽ አዘጋጂ። የምስሉን ስፋት «ኦሪጅናል» አድርጊ፣ ግራና ቀኝ ጥቁር ይሁን። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ አጥፊ፤ በፍሬሞች መሃል የሌለ ፍሬም እየፈጠረ ፊልሙን የቴሌቪዥን ድራማ ያስመስለዋል። ጥራት የሚጨምረውን፣ ሻርፕነስ የሚሉትን፣ ወደ ዜሮ አውርጂ። የቦርዜጊ ካሜራማኖች የቅርብ ቀረጻዎቹን ሆን ብለው አደብዝዘዋል፤ ስክሪኑ «ላስተካክል» ብሎ ጠርዙን ሲያስለው ብርሃኑ ይሞትና የፊልሙ ቅንጣት እንደ አሸዋ ይንሳፈፋል።


ባለሻማ፦

ወደ ሙርናው ልግባ፤ ይህ አባባል ደጋግሞ ስለሚመጣ ቀኖቹን ብቻ እንደርድር። ሙርናው አሜሪካ የደረሰው በ1926 አጋማሽ ነው። «ሂዩሞሬስክ» 1920 ነው። ቦርዜጊ ፎክስ ከገባ በኋላ የሠራው «ሌዚቦንስ» 1925 ነው፤ ያ ለስላሳ ብርሃን፣ ያ ቀስታ እዚያ ውስጥ አለ። «ሰቨንዝ ሄቨን» ግንቦት 1927 ሎስ አንጀለስ ሲታይ «ሰንራይዝ» ገና አልወጣም ነበር፤ የወጣው መስከረም ላይ ነው። ሁለቱም በአንድ ስቱዲዮ ቅጥር ውስጥ፣ ቀረጻቸው እየተደራረበ፣ ጌይነርም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰች ነው የተሠሩት።

ምንም አልወሰደም ማለቴ ግን አይደለም። ካሜራው ከ1927 በኋላ ይራመዳል፣ ርቀትን የሚያታልሉ ግንባታዎች ይበዛሉ፣ ጎዳናው በሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ ይሠራል። «ስትሪት ኤንጅል» ላይ ይህ ግልጽ ነው። በዚያን ጊዜ ፎክስ ቤት የነበረ ማንም ከሙርናው ያልተማረ የለም፣ ዳይሬክተሩን ጆን ፎርድንም ጨምሮ። የተለየው ነገሩ ከካሜራ ሥር ነው። ሙርናው ጋ ፍቅርን የሚያናጋው ከውስጥ የሚነሣ ፈተና ነው፤ ባልየው ራሱ ይሸፍታል። ቦርዜጊ ጋ ሁለቱ ሰዎች አንዴ ከተያያዙ በኋላ አይዋዥቁም ማለት ይቻላል፤ የሚመጣባቸው ከውጭ ነው፦ ጦርነት፣ ድህነት፣ ፖሊስ፣ በሽታ፣ በኋላም ናዚዎች። ስለዚህ ጥርጣሬን ሳይሆን ጽናትን ነው የሚቀርጸው። ጽናት ደግሞ ለፊልም አስቸጋሪ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም። የሱ ብልሃት የሚታይ ነገር መስጠቱ ነው።

እንዴት? ሥራና ዕቃ። ፍቅረኞቹ «እወድሻለሁ» ከማለታቸው በፊት አንድ ነገር አብረው ያደርጋሉ፣ ወይም አንዱ ለሌላው ያደርጋል። አሮጌ_ጥቅል የጠቀሰው የፀጉር ማጠብ አለ። «ማንስ ካስል» ውስጥ ሴቲቱ የምትመኘው የማብሰያ ምድጃ ነው፤ ሰውየው በወር ክፍያ ያመጣላታል፣ ከቃሉ ሁሉ በላይ ያ ምድጃ ይናገራል። «ባድ ገርል» ላይ ባልየው ለሐኪም የሚከፍለውን ለማግኘት ቦክስ ይገባል። «ሰቨንዝ ሄቨን» ላይ ደግሞ ዲያን የቺኮን ኮት ወንበር ላይ ታገኘዋለች፣ ትጠጋና እጅጌውን በወገቧ ዙሪያ ትጠመጥመዋለች። ጌይነር እዚያ ላይ አታለቅስም፣ አትስቅም። ቦርዜጊ ራሱ ተዋናይ ስለነበር ለፊት ሥራ አያበዛም፤ እጅን ነው የሚያሠራው።

ሁለተኛው ብልሃት ቤቱ ነው። ሁልጊዜ አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፣ ሁልጊዜ ደግሞ ወደ ሰማይ የምትከፈት ናት። ሰባተኛ ፎቅ ያለችው ጣሪያ ሥር ክፍል፣ በ«ማንስ ካስል» ከአልጋው በላይ የምትከፈተው የጣሪያ መስኮት። ከታች ያለው ዓለም ጭቃና ጩኸት ነው። ይህን ለማሳየት ካሜራማኑ ኧርነስት ፓልመር በ«ሰቨንዝ ሄቨን» ደረጃውን ከጎን በኩል ክፍት አድርገው ገንብተውት ካሜራውን በአሳንሰር አብሯቸው ያወጣዋል። ሁለቱ ሲወጡ ፎቆቹ አንድ በአንድ ከፊታችን ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህንን የሚኮርጁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይስቱታል፦ ካሜራውን ከታች ተክለው ቀና ያደርጉታል ወይም በሌንስ ያቀርቡታል። ያኔ የምታዪው ከፍታ እንጂ መውጣት አይደለም። መውጣት የሚሰማው የወለሉ ጠርዝ በሌንሱ አጠገብ ሲያልፍ፣ ቅርቡ ፈጥኖ ሩቁ ዘግይቶ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ለዚያ ካሜራው ራሱ መነሣት አለበት።

በ«ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ። ጋሪ ኩፐር ቆስሎ በቃሬዛ ሲገባ ካሜራው በጀርባው የተኛው ሰው ዓይን ሆኖ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ቅስቶች ያልፋሉ፣ የሚያናግሩት ሰዎች ከላይ ብቅ ይላሉ። ሄለን ሄይስ ስትገባ ጎንበስ ብላ ትቀርባለች፣ ትቀርባለች፣ እስከ መጨረሻው ዓይኗ ብቻ ስክሪኑን እስኪሞላ። በዚያ ዘመን መሳምን አብዛኛው ከጎን ነበር የሚቀርጸው። ክበቡ ላይ ይህንን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አሳዪ፤ መጀመሪያ ዝም ብለሽ፣ ቀጥሎ ድምፁን አጥፍተሽ።


ፀጥታ_ወዳዷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጋሽ ጥቅል፣ ሦስት ቀሪ ጥያቄ፦ ጌይነርና ቺኮን የተጫወተው ቻርልስ ፋረል አብረው 12 ፊልም ሠርተዋል ይባላል፣ ሁሉም የቦርዜጊ ናቸው? «ዘ ሪቨር»ን ለምን ከዝርዝሩ አወጡት? ለመጨረሻ የተዉትንም እየጠበቅሁ ነው። የጽሑፍ ካርዶቹን በተመለከተ ደግሞ፣ ትርጉሙን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብ ምን ይመስላችኋል?


አሮጌ_ጥቅል፦

12 መሆኑ ልክ ነው፣ የቦርዜጊ ግን ሦስቱ ብቻ፦ «ሰቨንዝ ሄቨን»፣ «ስትሪት ኤንጅል»፣ «ላኪ ስታር»። ሌሎቹን ፎክስ ጥንዶቹ ስለተሸጡለት በሌሎች ዳይሬክተሮች አሠራ።

«ዘ ሪቨር» (1929) ሙሉው የለም። መጀመሪያውና መጨረሻው ጠፍተው፣ የቀረው በቋሚ ፎቶዎችና በጽሑፍ ተያይዞ ወደ 55 ደቂቃ የሚጠጋ ነው። ከበረዶ የተረፈውን ሰው ሴቲቱ በገላዋ የምታሞቅበት ክፍል ተርፏል፤ ከዚህ በላይ ደፋር ነገር ቦርዜጊ አልሠራም። ግን የጎደለ ፊልም ለጀማሪ አይሰጥም። እንደ ተጨማሪ አሳዪው እንጂ የሳምንቱ ዋና አታድርጊው።

ይህ ራሱ ለመጨረሻ ጥያቄሽ ግማሽ መልስ ነው። ፎክስ የድሮ ፊልሞቹን ያከማቸው ኒው ጀርሲ፣ ሊትል ፌሪ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1937 መጋዘኑ ተቃጠለ። የዚያ ዘመን ፊልም ከናይትሬት የተሠራ ነው፤ ሲያረጅ እየበሰበሰ ጋዝ ያወጣል፣ በሙቀት ማዕበል ጊዜ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ከታፈነ ራሱ ይቀጣጠላል፣ ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያገኝም አፍኖ ማጥፋት አይቻልም። ከ1932 በፊት የነበረው የፎክስ ኔጋቲቭ አብዛኛው በዚያ ቀን ሄደ። «ላኪ ስታር» ለአሥርተ ዓመታት እንደጠፋ ተቆጥሮ ነበር፤ የድምፅ አልባው ቅጂ ኔዘርላንድስ ፊልም ሙዚየም ውስጥ ተገኝቶ ታድሶ በ1990 ጣሊያን፣ ፖርዴኖኔ ፌስቲቫል ላይ ታየ። ከፊሉ የሚሰማ ንግግር ያለው ቅጂ እስካሁን የለም። ፊልሞቹ አንድ ላይ በቀላሉ መታየት የቻሉት በ2008፣ የቦርዜጊንና የሙርናውን የፎክስ ሥራዎች በ12 ዲስክ የያዘው ስብስብ ሲወጣ ነው። ፊልሙ ያልታየ ሰው ስሙ ከየት ይመጣል?

ሌላው ግማሽ የሥራ ሕይወቱ አካሄድ ነው። ከ1932 ጀምሮ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ዞረ፦ ፓራማውንት፣ ኮሎምቢያ፣ ዩኒቨርሳል፣ ዋርነር። ከ1937 ጀምሮ ኤም.ጂ.ኤም. ያዘው። እዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል የፕሮዲዩሰሩ ነው። «ስሪ ኮምሬድስ» (1938) ላይ የፊልም ጽሑፉ የልብ ወለድ ጸሐፊው የስኮት ፊትዝጄራልድ ነበር፤ ፕሮዲዩሰሩ ጆሴፍ ማንኪዊትዝ እንደገና ጻፈው፣ የጀርመን ቆንስላና የብሪን ቢሮ ደግሞ ስለ ናዚዎች በግልጽ የሚናገረውን አስወጡት። ሆኖም ተዋናይቱ ማርጋሬት ሱላቫን ውስጡ ያለችበትን መንገድ ማንም አላበላሸውም። «ዘ ሞርታል ስቶርም» ሲመጣ 1940 ሆኗል፣ ሂትለር በስሙ ይጠራል፣ ነገር ግን «አይሁድ» የሚለው ቃል አንዴም አይነሣም፤ «አርያን ያልሆነ» ነው የሚሉት። ጀርመን ከዚያ በኋላ የኤም.ጂ.ኤም. ፊልሞችን ከለከለች። በዚያው ዓመት የወጣው «ስትሬንጅ ካርጎ» ደግሞ በካቶሊኮቹ የሥነ ምግባር ማኅበር ተወግዟል። አንዱ ቤት ያወግዘዋል፣ ሌላው ይቆርጠዋል።

ቀጥሎ ሪፐብሊክ፣ የርካሽ ካውቦይ ፊልም ቤት። እዚያ በ1946 ቴክኒከለር በተባለው የቀለም ዘዴ «አይቭ ኦልዌይስ ላቭድ ዩ»ን ሠራ፤ ከጀርባ ፒያኖውን የሚጫወተው አርተር ሩቢንስታይን ነው። በ1948 «ሙንራይዝ»። ከዚያ ትንሽ ቴሌቪዥን እንጂ ለአሥር ዓመት ፊልም የለም። በ1958 «ቻይና ዶል»፣ በ1959 «ዘ ቢግ ፊሸርማን»፤ ሱፐር ፓናቪዥን 70 በተባለው በጣም ሰፊ ምስል የተቀረጸ የሦስት ሰዓት የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ፊልም። ሁለት ሰው በአንዲት ጣሪያ ሥር ክፍል የሚቀርጽ ሰው በዚያ ስፋት ምን ያድርግ? ቀጥሎ «አትላንታይድ»ን ጀምሮ ሕመም ሲጸናበት ሌላው ዳይሬክተር ኤድጋር ኡልመር ተረከበው። ሰኔ 19 ቀን 1962 አረፈ።


ባለሻማ፦

አንድ ተቃውሞ አለኝ። «ሙንራይዝ»ን እንዲህ በአንድ ቃል ማለፍ ግፍ ነው። አባቱ ተሰቅሎ የሞተ፣ በልጅነቱ በዚያ ሲሰደብ ያደገ ሰው ሳያስበው ይገድላል። ረግረጉ፣ ጫካው፣ ጨረቃው በሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ነው፤ ካሜራው ጠባቡን ቦታ ሰፊ ሊያስመስል አይሞክርም፣ እንዲያውም ያጠበዋል። ቦርዜጊን «አልቃሻ» የሚል አባል ካለ መልሱ ይህ ፊልም ነው። በ«ባድ ገርል» ፈንታ አስገቢው፤ ሁለተኛው ኦስካር በቃል ቢነገር ይበቃል።


አሮጌ_ጥቅል፦

በፍጹም። «ባድ ገርል» ከወጣ የድምፅ ፊልምን እንዴት እንደለመደ አይታይም። ሁለቱ ወጣቶች ማታ በኪራይ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ጎረቤት በአጠገባቸው ያልፋል፤ በ1931 ብዙ ዳይሬክተር ማይክሮፎን ፈርቶ ተዋናዩን በቆመበት ተክሎት ነበር። «ሙንራይዝ» ይግባ ካልን የሚወጣው «ሂስትሪ ኢዝ ሜድ አት ናይት» ይሁን፣ እሱንም በግድ።


ከመጋረጃ_ጀርባ፦

እናንተ ተከራከሩ፤ እኔ የካርዱን ልመልስ። ጮክ ብሎ ማንበብ ይቅር። ካርዱ በፊልሙ ውስጥ የዝምታ ቦታ አለው፤ አንባቢው ሁልጊዜ ከካርዱ ዘግይቶ ይጨርሳል፣ ቀጣዩ የፊት ቀረጻ በሱ ድምፅ ላይ ይወድቃል። የግርጌ ትርጉም ሥሪ። ጽሑፉ ካርዱ ከመጣ በኋላ ይታይ፣ ካርዱ ሳይጠፋ ይጥፋ፤ አንድም ፍሬም ወደ ፊት ምስል አይተላለፍ። ከሁለት መስመር አይብለጥ። «ሰቨንዝ ሄቨን» ላይ በተለይ ልብ በዪ፦ ሁለቱ በየቀኑ አምስት ሰዓት ረፋድ ላይ፣ በፈረንጆቹ 11 ሰዓት ማለት ነው፣ በሐሳብ ለመገናኘት ይማማላሉ፤ ቃሎቹም «ቺኮ፣ ዲያን፣ ሰማይ» ናቸው። ይህ እስከ መጨረሻው ደጋግሞ ስለሚመጣ በየጊዜው በአንድ ዓይነት ቃል ተርጉሚው። አንዴ «ሰማይ»፣ አንዴ «ገነት» ካልሽ የመጨረሻው ትዕይንት ይፈርሳል። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት 11 ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ ትርጉምሽ «11 ሰዓት» ይበል።

ሙዚቃ የሌለው ቅጂ ከደረሰሽ በዘፈን አትሙዪው፤ ግጥሙ ከካርዱ ጋር ይጋጫል። ብቻውን ፒያኖ ይበቃል፣ ድምፁም ዝቅ ይበል።

«ማንስ ካስል»ን ለተጨማሪ ካሰብሽው ደግሞ ከማሳየትሽ በፊት የሠርጉ ትዕይንት የት እንደሚወድቅ ብቻ እዪ። ከመጀመሪያው ግማሽ ላይ ከሆነ መልሺው፣ ሌላ ቅጂ ፈልጊ።